በእኔ ሰዓት የገባው ድምፅ

ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ብርድ ሲነካው የሚዘጋው ጉሮሮህስ? እኔ ጤና ነኝ፤ ከሰኞ ወዲህ ግን ድንጋጤው ከላዬ አልወርድ ብሎኛል። አድራሻህን ያገኘሁት ከዝግጅትህ መጨረሻ ነው።

አንተ አኩርፈህ ከሄድክ በኋላ እዚሁ ከተማችን ሬዲዮ ጣቢያ ተቀጠርኩ። የጠዋቱ ሰዓት የእኔ ነበር፦ የውሃ መቋረጥ፣ የጠፋ በግ፣ የጠፋ ሰው። እማዬ በየጠዋቱ ጆሮዋን ሬዲዮኑ ላይ ለጥፋ የምትሰማኝ ስምህን እንዳልዘለው ለመቆጣጠር ነበር። አንድ ቀን ብዘለው ምሳ ነሳችኝ። ካለፈው ክረምት ወዲህ የሚቆጣጠረኝ ባይኖርም ማንበቤን አልተውኩም።

ባለፈው ሳምንት ሥራ አስኪያጃችን ሰብስበውን፣ በዚያ ሰዓት ሌላ ከተማ ተቀርጾ ለብዙ ጣቢያ የሚላክ ዝግጅት እናስገባለን አሉ። የእኔ ሥራ ቁልፍ መጫን ብቻ ሆነ። ታዲያ የጠፋውን ማን ይፈልገው ብላቸው፣ ባለቤቱ ይፈልገዋ ብለው አሳቁብኝ። ደሜ ፈላ።

ሰኞ እየተነጫነጭኩ ቁልፉን ተጫንኩ። ያንተ ድምፅ! ክው ብዬ ቀረሁ። ቴክኒሺያኑ ምን ነካሽ ቢለኝ፣ ድምፁን ከፍ አድርግልኝ አልኩት። እኛ በየአገሩ ስናፈላልግህ አንተ ለካ በሬዲዮ ትለፈልፋለህ! እማዬ ይሄ ጡሩንባ በምላሱ ያድራል ትል አልነበር? ኮራሁብህ፤ ባገኝህ ደግሞ በጥፊ ባልኩህ።

መጨረሻ ላይ እማዬ እንደምን አደርሽ፣ የምትሰሚኝ ከሆነ ይቅር በይኝ ብለህ ዘጋህ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ሥራዋን ጥላ ጣቢያው ድረስ መጣችና አቅፋኝ አለቀሰች። ማክሰኞም ደገምከው፤ ረቡዕም። ሥራ አስኪያጁ ወንድሜ መሆንህን ሲሰሙ ደንግጠው፣ እንዳትጎጂ እሷን ክፍል ቁረጫት አሉኝ። እጄ እምቢ አለኝ። ያን ያህል ዓመት የጠበቀችውን ቃል እኔ ልቁረጠው?

ይቅርታውን ከሆነ ሳትጠይቃት ጨርሳዋለች። በመጨረሻዋ ሌሊት እጄን ይዛ፣ መርቄዋለሁ በይው፣ ደግሞም ጉሮሮውን ይሸፍን ብላኛለች። አደራዋን ይኸው አደረስኩ።

ሬዲዮኗ አሁን እኔ ጋ ናት። የእማዬ ቤት ቁልፍ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ አለልህ። እግዜር መንገድህን ያቅናልህ፣ በሰላም ያገናኘን። እስክትመጣ ድረስ ግን የጠዋቱን ሰላምታ ለእኔ አድርገው፤ እኔ እሰማሃለሁ።

እህትህ