ፀሐዩ አልነበረም

ሐይቅ፣ ግንቦት 2015

ውድ ሱረያ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ሱቄ ውስጥ ጆሮ ስለማይጠፋ ነው። ደብዳቤውን ለአውቶቡስ ሹፌሩ ለታረቀኝ ሰጥቼዋለሁ፤ ፖስታው ተከፍቶ ከደረሰሽ ንገሪኝ።

እስከ ዓርብ የምትይዢውን ሙያ መርጠሽ ለመሥሪያ ቤትሽ ማሳወቅ እንዳለብሽ እናትሽ ነገረችኝ። ወይ ስልክ ላይ የሚታየውን የአፕ ገጽ መንደፍ፣ ወይ ሰው አፑን እንዴት እንደሚጠቀምበት እየጠየቁ ማጥናት። ንድፉን ልትይዢ ነው አለችኝ። ገበያ ላይ ከነገርኩሽ አንድ ቃል ተነስተሽ ገጹን ስላደመቅሽው አለቆችሽ አመስግነውሻል። እኔን ያላስቀመጠኝ ይኸው ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ሥራሽን መጀመሪያም አላመንኩትም። ሰው ስልኩን እንዴት እንደሚነካ ለማየት ደሞዝ የሚከፍል ማን ነው? ከጀርባው ሌላ ነገር አለ ብዬ ጠረጠርኩ። አሁንም አልለቀቀኝም።

ጥር ላይ ያንን የእህል ነጋዴዎች አፕ ይዘሽ ውጫሌ ገበያ መጣሽ። ያለንን እህልና የምንሸጥበትን ዋጋ እንድንሞላ ነበር። ገበያው ላይ ከጎኔ እህል የሚሸጠው ኑርዬ፣ "ማሻአላህ! የእህትህ ልጅ ገበያውን ኪሳችን ውስጥ ከተተችልን" አለኝ። ማሽላ ሻጯ ኸሚስም፣ "ወላሂ ግሩም ነው" አለች። አንቺም ደስ ብሎሽ ጻፍሽ።

ገና ጀርባሽን ስትሰጪን ሁለቱም ሳቁ። የሞሉት ሁሉ ውሸት ነበር፤ የኔም እንደዚያው። በጦርነቱ ጊዜ ደብተር ይዞ የመጣ ሁሉ "ምን ያህል አለህ? የት ነው ያለው?" ብሎ ነው የጠየቀን። እውነቱን የተናገረ መጋዘኑ ባዶ ቀረ።

አንቺ ግን አንድ ነገር አይተሽ ነበር።

"አጎቴ፣ ዋጋውን ሲጽፉ ስልኩን ለምን ወደ ደረትዎ አዞሩት?"

"ፀሐዩ ነው ልጄ፣ አያሳይም።"

"እርጅና ነው በይው!" አለሽ ኑርዬ።

"ፀሐይ" ብለሽ ደብተርሽ ላይ ጻፍሽ።

ፀሐዩ አልነበረም፣ ሱረያ። ኑርዬ ነው። እኔና እሱ አንድ ገዢ እንሻማለን። ዋጋዬን ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም፤ ለገዢው ጠጋ ብዬ በጆሮው ነው የምነግረው። አንቺ ደግሞ ገጹን አድምቀሽ ዋጋዬን ከማዶ እንዲነበብ አደረግሽው! አፑን ከከፈትኩት ወር አልፎኛል። ኑርዬም ትቶታል።

የዚያን ቀን ማስታወሻዬ ላይ አንድ መስመር ብቻ ጽፌአለሁ፦ "ልጅቷ አየችኝ፤ ዋሸኋት።"

ገጽ የሚነድፍ ሌላ ይገኛል። የነጋዴን እጅ አይቶ የሚጠይቅ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። የጎደለሽ መጠርጠር ነው። ቀና ብለሽ ብታዪ ኖሮ እኮ ሁላችንም ከኑርዬ ሸራ ሥር፣ ጥላ ውስጥ እንደተቀመጥን ታዪ ነበር።

ጥናቱን ያዢ። ከመያዝሽ በፊት ግን አለቆችሽን "ሰው የሚሞላውን የሚያየው ማን ነው?" በያቸው። መልሱን በጽሑፍ ካልሰጡሽ ሁለቱንም ተይላቸው።

አጎቴ ይህን የሚለኝ ለራሱ ዋጋ ፈርቶ ነው ብለሽ ብትጠረጥሪ አልቀየምሽም። ይህንንም ደብዳቤ ዝም ብለሽ አትመኚው። ከዓርብ በፊት ነዪ፣ ኑርዬ አጠገብ አስቀምጪኝና ስልኩን ስጪኝ። አፌን ተዪው፤ እጄን እዪ።

የዋሸሽ አጎትሽ፣
ሀሚዱ