የአባባ ዳገት

እሑድ፣ ጁን 4
በጠዋቱ አውቶቡስ ከቂርያት ማላኪ ወደ ገዴራ። ካሜራው ጭኔ ላይ፣ ማቆሚያው መተላለፊያው ላይ... አንዲት ሴትዮ ገላመጠችኝ። ትገላምጥ።

የመጨረሻ ዓመት ፊልሜ ተጀመረ። አባባ መንገሻ፣ የእናቴ አባት፣ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ዳገቱ ላይ ቃሪያና ጎመን ያለማሉ። ውኃውን ከታች ካለው ቧንቧ በጀሪካን ተሸክመው ይወጣሉ። ፊልሜ እሱ ነው፤ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ዳገት።

አብረውኝ የሚማሩት አሉ። አዲ ካሜራ፣ ሊኦር ድምፅ። አስተማሪያችን ጋሊት ቀድማ አስጠንቅቃኛለች። «ፀሐይ፣ መኪና፣ እባብ፣ የሮኬት ሲረን ቢጮኽ የት እንደምትገቡ... ሁሉን አስቢ።» አስቤያለሁ። ኮፍያ አለ፣ ውኃ በካርቶን አለ። ምን ቀረ?

ማክሰኞ፣ ጁን 6
አባባ ወደቁ።

አሁን ደህና ናቸው። ቤታቸው ተኝተዋል።

ዳገቱን ወጡ። አዲ «ጥላዬ ምስሉ ውስጥ ገባ፣ አንዴ ይድገሙልን» አለ። ደገሙ። ሊኦር «መኪና አለፈ፣ ድምፁ ተበላሸ» አለ። ደገሙ። ከዚያ እኔ... እኔም አስደገምኳቸው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። በየመሃሉ እጠይቃለሁ።
«አባባ፣ ደከመዎት?»
«ቤሰደር ነኝ፣ ደህና ነኝ ልጄ።»
«ውኃ ላምጣ?»
«ለእንግዶቹ ስጫቸው።»

ውኃው አጠገባቸው ነበር እኮ! ከሊኦር በቀር ማንም አልነካውም። ጀሪካኑን ሊያነሱ ጎንበስ አሉ... እዚያው ቀሩ። ያየቻቸው ሐኪም «ሙቀት ነው፣ ውኃ አጥሯቸዋል» አለች። ውኃ ተሸክሞ ውኃ የሚያጥረው ሰው! ሳቄም እንባዬም አብረው መጡ።

ረቡዕ፣ ጁን 7
እናቴ የሺሐረግ ከፋብሪካ ስትገባ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። «አባቴን ለፊልም ልትገድይብኝ?»

ጋሊት ደወለች። «ባትሔን፣ ውጭ መቅረጹን አቁሚ። ቤት ውስጥ ወንበር ላይ አስቀምጫቸውና ያውሩ። ያምራል።»

ያምራል? የእኛን ከኢትዮጵያ የመጡ ሽማግሌዎች እዚህ እስራኤል ሲቀርጹ ሁሌ ሶፋ፣ መጋረጃ፣ እንባ። ሰለቸኝ! አላደርገውም አልኳት። ለአስተማሪ እንዲህ መልሼ አላውቅም።
«እንግዲያው አሳምኚኝ» ብላ ዘጋችው።
በምን?

ዓርብ፣ ጁን 9
አዲና ሊኦር አባባን ሊጠይቁ መጡ። አባባ እምቢ ብለው ከአልጋ ተነሥተዋል። «ጎመኑን ማን አጠጣው?» ይላሉ። የወንበሩን ነገር ነገርኳቸው።
«እኔ እግር የለኝም?» ቱግ አሉ።
እሰይ!

ቀዝቃዛ ውኃ ቀረበ። ሊኦር የኛን ወግ አያውቅም፣ ብርጭቆውን አነሣ። አዲ ግን የእኛው ልጅ ነው፣ ክንዱን ያዘው። «ሽማግሌው ሳይጠጡ?» አለው በሹክሹክታ። ሊኦር ብርጭቆውን ይዞ ቀረ። አባባ አዩት። እንግዳ በቤታቸው ተጠምቶ! ወዲያው የራሳቸውን አንሥተው ጨለጡት። ከዚያ ሁላችንም ጠጣን።

ለካ ማክሰኞ እሳቸው «ለእንግዶቹ» ብለው፣ እኔና አዲ እሳቸውን ጠብቀን... ደርቀን ዋልን! «ደከመዎት?» ሲባል አዎ የሚል ሽማግሌ ከየት ይመጣል? ምን ያህል ቂል ነኝ። መጠየቅ ይቅር። ሌላ መላ አለ።

እሑድ፣ ጁን 11
ጋሊትን ያቭኔ ከተማ፣ ሰፈሯ ድረስ ሄጄ መላዬን ነገርኳት። በማለዳ ብቻ እንቀርጻለን። ትልቅ ጥላ እንተክላለን። ጀሪካኑ ግማሽ ይሞላል። አንዴ በወጡ ቁጥር ሁላችን ብርጭቆ ይዘን እሳቸውን እንጠብቃለን። «አቁሙ» የሚሉትም እሳቸው ናቸው።
«ራሳቸው? ማክሰኞ ዝም አላሉም?»
«ለራሳቸው ዝም ይላሉ። ለእኛ ግን አይሉም።»
አሰበች። «እኔም እመጣለሁ። ካልጣመኝ ቀረጻውን እዘጋዋለሁ።»
ትምጣ!

እናቴም መላዬን ሰማች። ማታ የአባባን ኮፍያ አጥባ ቦርሳዬ ላይ አስቀመጠችው።

ረቡዕ፣ ጁን 14
«አባባ፣ እነዚህን ልጆች ይጠብቁልኝ፤ ፀሐዩን አይችሉትም» አልኳቸው። እንዴት እንደኮሩ! ጋሊትን ሳይቀር «ነይ አንቺ፣ ትቃጠያለሽ» ብለው ጥላው ሥር አስገቧት።

ወጡ። ብርጭቆ ይዘን ተደረደርን። ጠጡ። ደግመው ወጡ። እንደገና ተደረደርን። «ምን ዓይነት ልጆች ናችሁ፣ ያለ እኔ ውኃ አትጠጡም?» እያጉረመረሙ ይጠጣሉ።

ከዚያ የጠዋቱ ደመና ተገፈፈ፣ ብርሃኑ ጎመኑ ላይ ፈሰሰ... ጋሊት ከጥላው ብድግ አለች። «ባትሔን፣ አንዴ ብቻ ይድገሙ። አንዴ!» እኔም ፈልጌ ነበር። በጣም። አባባን አየኋቸው። ጀሪካኑን መሬት አስቀመጡ፣ እሳቸውም አጠገቡ ቁጭ አሉ።
«በቃ። ልጆቹም ደክሟቸዋል። እኔም ደክሞኛል።»

ደክሞኛል! ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም። እናቴ ራሷ ሰምታው አታውቅም።

ጋሊት ጣቷን እንዳነሣች ነበር። አንድ ብቻ...
«አይሆንም» አልኳት። «አቁሙ ብለዋል።»
ጣቷን አወረደች።

አዲ ካሜራውን አላጠፋም ነበር። ሊኦር መኪናም አላለፈም አለ። ቃላቸው ጥርት ብሎ ተቀድቷል። ፊልሜ እዚያ ላይ ያልቃል። ቁጭ ያለ ሽማግሌ አልነበር የፈለጋችሁት? ይኸው። በገዛ ፈቃዳቸው፣ ዳገታቸው ላይ።