ባትሪው ከተቀየረ ወዲህ

ይድረስ ለልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? ያ ትከሻሽ ላይ የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ኮምፒውተር ላይ እንደ ጥያቄ ምልክት ጎብጠሽ ነው የምትውዪው? እኔ ደህና ነኝ። መጀመሪያ «በጣም ደህና ነኝ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ከዚያ «በጣም» የሚለውን ሰረዝኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ማተሚያ ቤት ተቀምጬ የሰው ጽሑፍ ሳርም ስለኖርኩ፣ ያለ ሥራው የገባ ቃል ሳይ እጄን ይበላኛል። ደህና ነኝ። ይበቃል።

በስልክ ሊነግረኝ ሲችል ለምን ይጽፋል ሳትዪ አትቀሪም። በስልክ ታቋርጪኛለሽ። ክፉ ሆነሽ አይደለም፣ ከእናትሽ የወረስሽው ነው። ነፍሷን ይማርና፣ እሷም ሰው የጀመረውን ወሬ ቀምታ በራሷ መንገድ ትጨርሰው ነበር። ወረቀት ግን ከአፍ አይነጥቅም። ስለዚህ አሁን አርፈሽ አንብቢ።

ባትሪው ተቀየረ።

እዚህ ላይ ስትደርሺ ከወንበርሽ ተነስተሽ «ተመስገን!» እንደምትዪ አውቃለሁ። «አባዬ፣ ያንን ባትሪ አስቀይርና ና፤ ክፍልህ ተዘጋጅቷል» ስትዪኝ ስንት ጊዜ ሆነሽ? የመጋረጃውን ቀለም እንኳ ፎቶ አንስተሽ ልከሽልኛል። ያምራል። እኔም ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበረኝ፤ መኪናው ረጅም መንገድ አይችልም። እውነቴን ነበር። እውነት መሆኑ ምን ያህል እንደተመቸኝ ግን አልነገርኩሽም።

እናትሽ ያንን መኪና «ድመት» ትለው እንደነበር ታስታውሻለሽ። በቤንዚንም በባትሪም የሚሠራ ነውና፣ ቀስ ሲል በባትሪው ብቻ ስለሚሄድ ኮቴው አይሰማም። ባትሪው ሲደክም ድመትነቱ ቀረ። ቤንዚኑ ሞተር የሁለት ሰው ሥራ ተጭኖበት ቆመንም ያጓራል፤ ከኋላ ወንበር ጎን ያለው የባትሪው ማራገቢያ ደግሞ እንደተቆጣ ንብ ይጮሃል። መስታወት ዘግቼ እንኳ ሬዲዮ መስማት አልችልም ነበር። የሰፈሩ መታጠፊያ ላይ ስደርስ ውሾች ተነስተው ይቆማሉ።

አንቺ ይህን ግቢ ያየሽው ዕቃዬን ያመጣን ቀን ብቻ ስለሆነ ላስታውስሽ። አንድ የብረት በር አለ። የፊተኛው ቤት የልብስ ሰፊዋ ነው። የኋለኛው፣ ማለትም አንድ ክፍልና ክፍል መሆን የሚመኝ ኮሪደር፣ የእኔ ነው። በሩ ከውስጥ ነው የሚቀረቀረው። ከውጭ የሚመጣ ሰው ከመኪና ወርዶ፣ እጁን በቀዳዳው አሾልኮ መቀርቀሪያውን ስቦ፣ አንዱን መዝጊያ ገፍቶ ድንጋይ አስደግፎ፣ ሌላውን ገፍቶ፣ ተመልሶ መኪናውን አስገብቶ፣ እንደገና ወርዶ መዝጋት አለበት። ብቻውን ለሚኖር ሰው የተሠራ በር አይደለም። ያሠራው ሰውዬ ብዙ ቤተሰብ የነበረው መሆን አለበት።

ለረጅም ጊዜ እንዲያ እየወረድኩና እየወጣሁ ስገባ ኖርኩ። ከሰፊዋ ጋር የነበረን ወሬ «እንደምን አደሩ»ና «እንደምን አመሹ» ብቻ ነው። በመሃል ያለውን ቀን ለየብቻችን ነበር የምናሳልፈው።

ባትሪው የታመመ ሰሞን፣ አንድ ቀን ማምሻ ላይ እያጓራሁ ከመታጠፊያው ስመጣ በሩ ተከፍቶ አገኘሁት። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ቆማለች። መርፌውን ካወጣች በኋላ «ጋሼ፣ አውሮፕላን ያረፈ መስሎኝ እኮ ነው የወጣሁት» አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ። «ኧረ ግድ የለም፤ አንዴ ከወጣሁ ብዬ ከፈትኩ» አለች። በማግስቱም አንዴ ወጥታ ነበር መሰለኝ፣ ከፈተች። ከዚያ በኋላ ምክንያት መስጠት ተወች።

ፍሬን ሳልነካ ቀጥ ብዬ እገባ ጀመር። ስገባ አንድ ነገር ሳትለኝ አታሳልፈኝም። «ዛሬ ደግሞ ሳል ጨመረ» ትላለች። ወይም «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሊወልድ ነው እንዴ?» እኔም «ገና ወሩ አልገባም» እላለሁ። እሷ በሩን ትዘጋለች፣ እኔ ዳቦዬን ይዤ ወደ ኋላ አልፋለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ከእናትሽ ወዲህ መምጣቴን ሳልደርስ የሚያውቅ ሰው አልነበረኝም።

ሜካኒኩን ሰፈሩ «ራጅ» ይለዋል፤ ማሽኑን ሰክቶ ውስጥ ውስጡን ሳያይ ቃል አይወጣውም። እሱ ቀደም ብሎ «ፋዘር፣ ይሄ ባትሪ ከቆመ ይሞትብዎታል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይንዱት» ብሎኝ ነበር። የሐኪም ትእዛዝ ነውና አከበርኩ። ከሰዓት በኋላ እወጣለሁ። የምሄድበት የለኝም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የትም ቦታ ቀረ የሚለኝ ሰው የለም። ዳቦ እገዛለሁ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ጋዜጣ አገላብጣለሁ፣ ድልድዩን ተሻግሬ ዞሬ እመለሳለሁ። እያደር ሳስተውለው የምወጣው ለመመለስ ነበር። አንዳንድ ቀን ክብሪት ረሳሁ ብዬ ሁለተኛ ወጥቻለሁ። ምድጃዬ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ሲጋራ እንደማላጨስ ታውቂያለሽ። አሁን መሳቢያዬ ውስጥ ያለው ክብሪት አንድ ከተማ ያቃጥላል።

ራጅ ግን ባየኝ ቁጥር ይጨቀጭቀኛል። ለካ አንቺ ቁጥሩን ፈልገሽ ደውለሽለት ኖሯል! «ፋዘር፣ ልጅዎን ምን ልበላት? አባትሽ ባትሪ ይፈራሉ ልበላት?» አለኝ። አንድ ጊዜ የደከሙትን ሴሎች ብቻ ቀይርልኝ ብዬ ልሸውደው ሞከርኩ። ከአሮጌዎቹ መሃል አዲስ ቢገባ ተጎትቶ እንደሚደክም፣ ዛሬ አንዱ ነገ ሌላው እያለ እንደሚቀጥል አስረዳኝና «ቋሚ ደንበኛዬ ይሆናሉ እንጂ መኪና አይኖርዎትም» ብሎ ደመደመ። ሐሳቡን አልጠላሁትም። ቢያንስ በየሳምንቱ የምሄድበት ቦታ አገኝ ነበር።

በመጨረሻ ያስወሰነኝ ሱሪ ነው። የአንድ ዳኛ ሱሪ።

ዝናብ እያካፋ ነበር። እንደ ልማዴ እያጓራሁ መጣሁ፣ በሩ ተከፈተ፣ ገባሁ። እሷ ሻርፕ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ «ዛሬስ እውነተኛው ነጎድጓድ መስሎኝ ልተወው ነበር» እያለች ስትስቅ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተን። ሁለታችንንም እኩል ነው የሸተተን። እሷ ሮጠች፣ እኔ ከኋላ። የተወችው ካውያ ሱሪው ላይ፣ ልክ መቀመጫው ጋ፣ እንደ ማኅተም ታትሟል። ሱሪውን አንስታ ወደ መብራቱ ዘረጋችውና በቀዳዳው አሻግራ አየችኝ። «ድሮም ጠቦት ለማስፋት ነው ያመጣው፤ ይኸው ሰፋለት» አለች።

እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ያን ሳምንት የሱሪውን ዓይነት ጨርቅ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ስትዞር አየኋት። አላገኘችም። ዳኛው መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ የተናገራትን ከክፍሌ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ አልደግመውም። ካሁን በኋላ እዚህ ደጅ ጨርቅ የሚያመጣ ዘመድ እንደማይኖረውም ጨምሮ ነገራት። እሷ አንገቷን ደፍታ ሰማችው። ለጎረቤት በር ልከፍት ወጥቼ ነው አላለችም። ያን ብትል ቀለል ይለኝ ነበር።

በማግስቱ መኪናውን ራጅ ዘንድ ወሰድኩት። «ምን ተገኘ?» አለኝ። ልጄ ትጠብቀኛለች አልኩት። አየሽ፣ ስምሽ ለብዙ ነገር ይጠቅማል።

የኋላውን ወንበር ነቅሎ ጋራዡ ግቢ ውስጥ መሬት ላይ አስቀመጠልኝ፤ ቀኑን ሙሉ የገዛ መኪናዬ ወንበር ላይ፣ ያለ መኪና፣ ተቀምጬ ዋልኩ። ከወንበሩ ሥር የጥርስሽ ምልክት ያለበት ላጲስ ተገኘ። ለምን እርሳስሽን ትተሽ ላጲስሽን ትበይ እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም። አሮጌው ባትሪ ለሁለት ተይዞ ወጣ፤ እንደ ሬሳ ሣጥን ነው የሚከብደው። አዲሱ ገባ። ከዚያ ራጅ መኪናውን ግቢው ውስጥ አዞረው። መንገዱ ላይ የተኛች ድመት ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም፤ በዙሪያዋ አልፎ ሄደ። ወርዶ በኩራት «ይሰማዎታል ፋዘር?» አለኝ። ምንም አይሰማኝም አልኩት። «እሱ ነው እኮ! የለፋነው ለሱ ነው!» አለ። አመሰግናለሁ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ማምሻዬን ወደ ቤት መጣሁ። መታጠፊያው ላይ ውሾቹ ተኝተዋል። በሩ ጋ ስደርስ ተዘግቷል። የስፌት መኪናዋ ግን ይሰማል። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ከውጭ ሆኜ የሰማሁት፤ ድሮ እኔ ሳደነቁር አልሰማውም ነበር። ትር ትር ትር ይልና ያርፋል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ዳሽቦርዱ ላይ የቀይ መብራት ዘር የለም፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ሁሉ ነገር ሰላም ነው። በዚያ ሁሉ ሰላም ውስጥ ቁጭ ብዬ ቆየሁ።

ክላክስ ለምን አላደረግክም ትዪኝ ይሆናል። ክላክስ መጥራት ነው። እኔ ጠርቻት አላውቅም፤ ሰምታ ነው የምትመጣው። አሁን ብጠራት ደግሞ ያው ካውያውን ትታ ልትመጣ ነው። ስለዚህ ወረድኩ፣ እጄን በቀዳዳው አሾለክሁ፣ የቀረውን ታውቂዋለሽ። በመስኮቷ አጠገብ ሳልፍ ጥላዋ ጨርቅ ላይ እንዳጎነበሰ ነው። አላየችኝም። ክፍሌ ገብቼ ማንቆርቆሪያውን ጣድኩ። ሲፈላ ያፏጫል፤ ማታ ማታ ድምፅ የሚያሰማልኝ እሱ ብቻ ሆነ።

እንዲህ ሆኖ ሰነበተ። መውጣቱን አልተውኩም፤ ክብሪት መግዛቱን ግን ተውኩት።

ባለፈው እሑድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ሰፊዋ ናት። «ጋሼ፣ አስቀይሜዎታለሁ እንዴ?» አለችኝ፣ ገና ደህና አደሩ ሳትል። በምን አልኳት። «እንጃ። በሱሪው ነገር ተሸማቀው መውጣት ተዉ ብዬ። መኪናው ሲገባ ሰምቼ አላውቅም። አሟቸው ይሆን ብዬ መብራትዎን አያለሁ፤ ይበራል። ከበራ ደግሞ ደህና ናቸው ማለት ነው እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ታሞስ መብራት ይበራ የለም እንዴ እላለሁ።» አንድም ቀን ሳልወጣ እንዳልዋልኩ፣ ባትሪው ተቀይሮ መኪናው ጸጥ ማለቱን ነገርኳት። ወጥታ መኪናውን ዞረችው። ሲሄድ አሳዩኝ አለች፤ ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ አደረግሁላት። በእጇ አፏን ይዛ ቆመች። ከዚያ «ታዲያ መግባትዎን በምን ልወቅ?» አለችኝ።

ልጄ፣ እኔ በሥራ ዘመኔ ሰዎች የዘለሉትን ቃል ስንቴ ሞልቻለሁ። ያን ጊዜ ግን የሞላሁት የተሳሳተውን ቃል ነው። መሪውን እንደያዝኩ «ለሱሪው ብዬ ነው» አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። «ስለ ሱሪው ማን አማከረዎት?» አለችና ጥላኝ ሄደች። እውነቷን ተቆጥታ ነው፤ የግቢውን መጥረጊያ በእግሯ ገፍታ አልፋለች።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን በሩን ራሴ ከፈትኩ፣ ራሴ ዘጋሁ። ሁለቱንም ቀን የስፌት መኪናው ድምፅ የለም። ልብስ ተኩስ ላይ ትሆናለች፣ ወይም ዳኛው እንዳለው ሥራ ጠፍቶባት ይሆናል ብዬ ስገምት አመሸሁ።

ትናንት ከመታጠፊያው ስመጣ ወደ መንገዱ የሚያየው መስኮቷ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ያ መስኮት ተከፍቶ አይቼው አላውቅም፤ ጨርቅ የምትቆልልበት ወገን ነበር። የስፌት መኪናዋን እዚያ ሥር አዙራዋለች። ቀና አለች፣ እጇን አንስታ ቆይ የሚል ምልክት ሰጠችኝ፣ ከመስኮቱ ጠፋች። በሩ ተከፈተ። ካውያውን ነቅላ መምጣቷን መጀመሪያ ነገረችኝ። የስፌት መኪናውን ለምን እንዳዞረችው አልጠየቅኳትም፤ እሷው «እዚህኛው ወገን ብርሃኑ ለዓይኔ ይሻላል» አለች። ከመስኮቱ ትይዩ ያለው ፎቅ ከቀትር በኋላ ፀሐይ አያሳልፍም። እኔ ግን ስለ ስፌት የማውቀው ነገር የለም።

አሁን ወደ ጉዞዬ ጉዳይ ልመለስ። አዲስ ባትሪ መጀመሪያ አጭር አጭር መንገድ መለማመድ ያለበት ይመስለኛል። ራጅ እንዲህ አላለም፤ ግን ስላልጠየቅኩት ነው። ደውለሽም አትጠይቂብኝ። ልምምዱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ገና አላውቅም፤ ጠንቃቃ ሰው መሆኔን ግን ታውቂያለሽ። መጋረጃው በእውነት ቆንጆ ነው። ክፍሉን ዝም ብለሽ አታቆዪው፤ የሥራ ጠረጴዛሽን አስገቢበት። አንቺ ነይና እዪን። «እዪኝ» ማለቴ ነው፤ አንዱ ፊደል አመለጠኝ፣ ልሰርዘው ብዬ ተውኩት።

እንጀራሽ የቀና፣ እንቅልፍሽ የሰላም ይሁን። ክፉ አይንካሽ። ከሥራ ደክሞሽ ስትመለሺ፣ ገና ቁልፍሽን ከቦርሳሽ ሳታወጪ፣ መምጣትሽን የሚያውቅ ሰው አይጥፋብሽ።

አባትሽ