እግሬ አልተሰበረም

ውድ ጥድፊያ፣

በመጀመሪያ እግሬ አልተሰበረም። ግንብም አልገጨሁም። ልጅሽ ትናንት ደውላ «እትዬ፣ በዚህ ዕድሜዎ የእሽቅድምድም መኪና ምን ሊያደርግልዎ?» ብላ ስታለቅስብኝ፣ ስልኩን ይዤ በሁለት ጤነኛ እግሮቼ ቆሜ ነበር። ወሬውን ያደረሰቻት ከላይ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ናት፤ ከልጅሽ ጋር አብራ የተማረችው። ሴትዮዋ ያየችውን አልዋሸችም። እግሬ በጣውላና በፋሻ ታስሮ፣ አንዱ ከፊት ሲጎትተኝ ሌላው ከኋላ ሲገፋኝ፣ ከአንዲት ጥቁር የስፖርት መኪና ስወጣ አይታኛለች። የቀረውን የሞላችው ራሷ ናት። እኔ ጎደሎ ወሬ ስለማልወድ ሙሉውን እጽፍልሻለሁ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ልጠይቅሽ የመጣሁ ለት ነው። ልጅሽ ቤት፣ መስኮቱ ሥር፣ ሁለት ትራስ ተደርጎልሽ ተቀምጠሽ ነበር። ዳሌሽ ከተጠገነ ወዲህ በከዘራ ከአልጋሽ እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ ምግብ ጠረጴዛው ትሄጃለሽ። ሐኪሙ ደጅም ውጪ ብሎሻል፤ እምቢ ያልሽው አንቺ ነሽ። ልሄድ ስነሳ በሩ አጠገብ ያለውን የጫማ መደርደሪያ አየሁት። ያንቺ ቦታ ባዶ ነው።

«ጫማዎችሽስ?» አልኩሽ።

«ለሰው ሰጠኋቸው። ቤት ውስጥ ምን ያደርጉልኛል?» አልሽኝ፤ ያውም እየሳቅሽ።

ሳልሰናበትሽ ወጣሁ። የቸኮልኩ መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል። በጣም ስቆጣ ሳልሰናበት እንደምወጣ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

አንቺን ጥድፊያ፣ እኔን ማስመሪያ ያሉን የነርስ ትምህርት ቤት ጓደኞቻችን ነበሩ። እኔ አንሶላ ሳነጥፍ ጠርዙ ካልገጠመ ገፍፌ እንደገና እጀምራለሁ፤ አንቺ ግማሹን አንጥፈሽ በሩ ጋ ደርሰሻል። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካችንን አንድ ሆስፒታል ስንሠራ፣ የእረፍት ቀናችን በገጠመ ቁጥር በዚያች በምታስል አሮጌ መኪናሽ የሐይቁን መንገድ ትወስጂኝ ነበር። አንድ ሕግ ብቻ ነበረሽ። «ወዴት ነው ብለሽ ጠይቂኝ፤ ለምን ነው ያልሽ ለት ግን መንገድ ላይ አወርድሻለሁ» ትይኝ ነበር። እኔ ያለ ምክንያት መስኮት እንኳ የማልከፍት ሰው፣ ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው ያንን ምክንያት የሌለው መንገድ ነበር። ይህን አንድም ቀን ነግሬሽ አላውቅም።

ሞተርሽ ፈልቶ መንገድ ዳር የቆምንባት ቀን ትዝ ትልሻለች? አንቺ ውሃ ስትጨምሪ፣ እኔ የሞተሩን ክዳን ደግፌ ስይዝልሽ፣ ሁለት ሴቶች ጣሪያ በሌላት መኪና ውልብ ብለው አለፉን። የታየን ሻሻቸው ብቻ ነው። «ወይ አለማፈር! ዕቃ መጫኛ እንኳ የላትም!» አልሽ። ውሃው ግን ጫማሽ ላይ ይፈስ ነበር። ቅናትሽን ያወቅሁት በዚያ ነው። የኔ እንዳይታወቅብኝ ክዳኑ ሥር ጭንቅላቴን ቀበርኩ።

ስለዚህ ካንቺ ዘንድ እንደተመለስኩ የወንድሜን ልጅ ጠራሁት። «የስፖርት መኪና እፈልጋለሁ፤ ያገለገለች ትሁን፣ ሁለት ሰው ትያዝ» አልኩት።

«ለማን?»

«ለኔ።»

«ለምን ሥራ?»

«ለቅዳሜና እሁድ።»

እጁን ሰድዶ ግንባሬን ዳሰሰኝ። ትኩሳት መለካት የኔ ሙያ መሆኑን ነግሬው ተያይዘን ወጣን።

ሻጩ እኛ ሰፈር ካለው የሴራሚክ መደብር ጀርባ ባለ ግቢ ያገለገሉ መኪናዎችን እየጠገነ የሚሸጥ ሰው ነው። ሁለት ነበሩት፤ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ብትባዪ አታምኚም። ጥቁሯ ረጅም አፍንጫ ያላት፣ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣ ወንበሯ ቆዳ የለበሰ፣ ማርሿን ራሷ የምትቀይር እመቤት ናት። ቢጫዋ ደግሞ ሸራዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ ካምቢዮዋ እንደ ዛገ መቀርቀሪያ የሚያስቸግር፣ ከውስጧ የሆነ ነገር ዘወትር የሚንኳኳ ቁራጭ ናት።

የሁለቱንም ምንጣፍ ገልጬ ከሥሩ አሸተትኩ። የበሮቹን ጠርዝ በጣቴ ሄድኩበት። ከወንበሮቹ ሥር በባትሪ አየሁ።

«እማማ፣ ጋራዥ ነው እኮ፤ ቀዶ ጥገና ክፍል አይደለም» አለኝ።

«ያስታውቃል» አልኩት።

«ደግሞ ይቺ ቢጫዋ ለእርስዎ አትሆንም። የወጣት ናት፤ አጥንት ታላላለች።»

«የላላ አጥንት ሳስር ነው ያረጀሁት። ቁልፉን አምጣ።»

ሁለቱንም ነዳሁ። አልደብቅሽም፤ ጥቁሯን ወደድኳት። ሞተሯ ሲነሳ ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገባ። ዳገቱ ላይ ነዳጁን ትንሽ ነካ ባደርግላት ወንበሩ ከኋላ ገፋኝና ያንቺ ስም ለምን እንደሚጣፍጥ ገባኝ። የወንድሜ ልጅ የበሩን እጀታ ጨብጦ «አክስቴ፣ ቀስ! አክስቴ፣ ፍሬን!» ይላል። ቢጫዋ ግን ፀጉሬን በነፋስ አመሰቃቀለችው፤ ከመንገዱ ጉድጓድ አንዱንም ሳትምር አስቆጠረችኝ። ስወርድ «መጫወቻ ናት» ብዬ ፈረድኩባት። የወንድሜ ልጅም ሻጩም በጥቁሯ ተስማምተው ነበር፤ እሺ ልል አፌን ስከፍት የነርስ ትምህርት ቤታችን ትልቋ ሲስተር ትዝ አለችኝ።

አንቺም አልረሳሻትም። አዲስ አልጋ ሲመጣ በሽተኛ ከመተኛቱ በፊት እኛን የምታስተኛን፣ ተሽከርካሪ ወንበር ሲገዛ መጀመሪያ እኛን የምታስቀምጠን። አንድ እግራችንን በጣውላ አስራ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ያመላለሰችን ለት አንቺ እየሳቅሽ ወጣሽ፤ እኔ እያለቀስኩ። ከዚያ ቀን በኋላ በክራንች የሚሄድ ሰው አቻኩዬ አላውቅም።

እኔ ሁለቱንም መኪና የፈተንኩት ከመሪው በኩል ነው። አንቺ የምትቀመጪው ግን በሌላው በኩል ነው።

በማግስቱ ጣውላ፣ ፋሻና ወፍራም ትራስ ይዤ ተመለስኩ። ካንቺ ዳሌ የበለጠ እንዳልታጠፍ አድርጌ ከጭኔ እስከ ቁርጭምጭሚቴ አንድ እግሬን አሰርኩ።

«እማማ፣ ምን እየሆኑ ነው?» አለ ሻጩ።

«በሽተኛ እየሆንኩ። የጥቁሯን በር ክፈት።»

ገባሁ ስል ወደቅሁ ማለቴ ነው። ወንበሯ ጉድጓድ ነው፤ ጉልበቴ ከወገቤ በላይ ሆነ። ዳሌሽ የተከለከለው ይኸው ነው። ከፍ ልል ትራሱን ከሥሬ ባደርግ ጭንቅላቴ ጣሪያውን ገፋው፤ አንገቴን ደፍቼ እንደ ተቀጣ ተማሪ ተቀመጥኩ። መውጣቱንማ ተዪው። የምይዘው ነገር የለም። ሻጩ ከፊት፣ የወንድሜ ልጅ በሾፌሩ በኩል ገብቶ ከኋላ ያዙኝ።

«እማማ፣ እዚያው ይኑሩ ግድ የለም፤ ኪራይ አልጠይቅዎትም» አለ ሻጩ እያለከለከ።

ጎረቤቴ በግቢው በር ያለፈችው ይሄኔ ነው።

ወደ ቢጫዋ ያለ ተስፋ ነው የሄድኩት። ሸራዋን አጠፍን። ጣሪያ ከሌለ ትራሱ የፈለገውን ያህል ቢወፍር ማን ይከለክለዋል? ቆሜ የፊት መስታወቱን ክፈፍ ያዝኩ። ጀርባዬን ሰጥቼ ትራሱ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁለቱን እግሮቼን አንድ ላይ ወደ ውስጥ አዞርኩ። ማንም አልነካኝም። ስወጣም ያንኑ ክፈፍ ይዤ ተነሳሁ። ደግሜ ገባሁ፤ ደግሜ ወጣሁ። ሻጩ ሳቁን ትቶ ትራሱን ያስተካክልልኝ ጀመር።

«ዝናብ ቢመጣስ?» አለ የወንድሜ ልጅ።

«እንረጥባለን።»

«ግን ጥቁሯን ወደሻት ነበር።»

«አሁንም እወዳታለሁ። የምወስደው ቢጫዋን ነው።»

ከግቢው ስወጣ ጥቁሯን ዞር ብዬ አይቻታለሁ፤ አልክድም። ለብቻዬ ቢሆን ኖሮ አልተዋትም ነበር። ባዶ ወንበር አጠገቤ አድርጌ ግን የሐይቁን መንገድ አልሄድም።

ይህን ሁሉ ትናንት ለልጅሽ ስነግራት ለቅሶዋን አቁማ ተቆጣችኝ።

«እትዬ፣ እማዬ እንደገና ብትወድቅስ?»

«የወደቀችው መታጠቢያ ቤት ነው። እሱንም ዘጋሽባት?»

ጠንከር ማለቴ ተሰማኝ፤ ቀዶ ጥገናሽ ቀን ኮሪደሩ ላይ ስትንቆራጠጥ አይቻታለሁና ፍርሃቷን አልንቅም። ስለዚህ በለሆሳስ አስረዳኋት። ሐኪምሽን ራሴ አነጋግሬዋለሁ፤ ትራሱ ከፍ ካለና በየመሀሉ ወርደሽ ከተንቀሳቀስሽ ሂጂ ብሏል። ቀስ ብዬ እነዳለሁ፤ ሳይመሽ እመልስሻለሁ።

«እሷ እሺ አትልም» አለች።

«እሱን ለኔ ተዪው።»

«ደግሞም... ጫማ የላትም፣ እትዬ።»

ለካ ያንን ባዶ መደርደሪያ እሷም በወጣች በገባች ቁጥር ታየዋለች።

እንግዲህ ስሚኝ። ቅዳሜ ጠዋት ደጃችሁ ቆሜ ክላክስ አደርጋለሁ። እምቢ ካልሽ ሸራዋን አጥፌ፣ ሻሼን አስሬ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየኝ እዚያው ቁጭ እላለሁ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ከዚያ በሚቀጥለውም። መስኮቱ ሥር መቀመጥሽ ካልቀረ የምታዪው እኔን ይሆናል። ወዴት ነው ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ለምን ነው ካልሽኝ ግን ሕጉን ያወጣሽው ራስሽ ነሽ።

ነገ በመጀመሪያ ፈርሜ ቢጫዋን እረከባለሁ። ከዚያ የመኪና ወንበር የሚሰፋው ሰው ዘንድ ሄጄ ጠንካራ ትራስ አሠራለሁ፤ ጠርዙ ካልገጠመ አስፈታዋለሁ። ስመለስ ደረጃውን በእግሬ ወጥቼ የጎረቤቴን በር አንኳኳለሁ፤ ከጉልበቴ በታች በደንብ እንድታየኝ ትንሽ ራቅ ብዬ እቆማለሁ። ከዚያ ጫማ ቤት እገባለሁ። ቁጥርሽን አውቀዋለሁ። ሶሉ የማያንሸራትት፣ ማሰሪያ ያለው እመርጥልሻለሁ። ጎንበስ ማለት እንደማትችይ ረስቼው አይደለም። የማስረው እኔ ነኝ።

ያንቺዋ
ማስመሪያ