የረታ ሰባት ደረጃዎች

ናይሮቢ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
ዛሬ ጠዋት ከሱቄ ሽሮ ሰባት ኪሎ፣ በርበሬ አራት ኪሎ ወጣ።

ለጋሼ ሕዝቅያስ፣

ከነልጆችዎ እንዴት ከረሙልን? እኛ ደህና ነን፤ የኪሊማኒው ሱቅም ደህና ነው።

ወንድምዎ ረታ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ላፕቶፑን ከሚዛኔ አጠገብ ከፍቶ ይውላል። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ኮዱን በነፃ እየተጋሩ የሚሠሩት አንድ ሰርቨር አለ። እሱም እንደ ድሮው አብሯቸው ለመሥራት መጀመሪያ በራሱ ማሽን ላይ ሊያስነሳው ይታገላል። ለጀማሪዎች የተጻፈ ባለ ሰባት ደረጃ መመሪያ አለው፤ በየማለዳው ከአንደኛው ይጀምራል። ዛሬ አራተኛው ላይ ሲደርስ ማሽኑ «ይህ ዳታቤዝ አስቀድሞ ተፈጥሯል» አለው፤ ትናንት ራሱ ፈጥሮት ነበር።

«አያልነሽ! ላፕቶፔን ማን ነካብኝ?» ብሎ ጮኸ።

«ጅብ» አልኩት። ደንበኞቼ ሳቁ።

እሱም አብሯቸው ሳቀና መመሪያውን እንደገና ማንበብ ያዘ። «ይህን የጻፈው ሰው ግን እንዴት ያለ ጎበዝ ነው! ታውቂዋለሽ?»

ከገጹ ግርጌ ያለው ስም የራሱ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ሲጽፈው ሻይ ያቀረብኩለት እኔው ሚስቱ ነኝ።

«አውቀዋለሁ፤ ጉረኛ ነበር፣ ሞቷል» አልኩት።

«ነፍስ ይማር» አለና ወደ አንደኛው ደረጃ ተመለሰ።

ለገና እመጣለሁ ያሉትን ቢችሉ ለኅዳር ሚካኤል ያድርጉት። እስካሁን ስምዎን እየጠራ ያወራል።

በሰላም ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

አያልነሽ

ነገ ጠዋት ልብስ ሰፊው ጋ እሄዳለሁ፤ ስልክ ቁጥሬን ከረታ ኮት ገበር ላይ ይሰፋልኛል።