ወንበር አሥራ አንድን ስለ ነቀሉልን

ለሲያትል ፌሪመን የበረዶ ሆኪ ቡድን
ለተከበሩ ጄነራል ማኔጀር
ሲያትል

ጉዳዩ፦ ጨዋታ በሌለባቸው ወራት ለተደረገልን ሁሉ ምስጋና ስለማቅረብ

የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም እንቅልፍዎ እንዴት ነው? የእንቅልፉን ነገር የምጠይቀው ለወግ ያህል አይደለም። ባለፈው ሚያዝያ ቡድናችን አንድ ነጥብ ጎድሎት ፕሌይኦፍ፣ ለዋንጫው ከሚደረገው ጥሎ ማለፍ፣ ሳይገባ ከቀረ ወዲህ፣ ውሳኔዎችዎ ሁሉ የሚደርሱን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ስለ ሆነ፣ በዚያ ሰዓት ነቅተው የሚወስኑ ሰው በቂ ዕረፍት ያገኛሉ ብዬ አላምንም። እኛስ ለምደነዋል። እርስዎ እንዳይታመሙብን ብዬ ነው።

ስሜ ማንአልሞሽ ሥራዬ ነው። የምኖረው ሌክ ሲቲ ነው። በአንድ ሆስፒታል ውስጥ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎችን አጥባለሁ፣ በእንፋሎት አጸዳለሁ፣ አሽጌ ወደ ላይኛው ፎቅ እልካለሁ። ሥራዬ ሲሳካ ምንም ነገር አይፈጠርም። ምንም ያልተፈጠረበት ቀን ጥሩ ቀን ነው፤ ማንም አያጨበጭብም። ስለ በረኛ የማውቀው ከዚያ ነው እንጂ በረዶ ላይ ቆሜ አላውቅም። ነገር ግን አምስት ዓመት ሙሉ፣ ረድፍ ዘጠኝ፣ ወንበር አሥራ ሁለት ላይ ተቀምጫለሁ። ወንበር አሥራ አንድ ላይ ታላቅ ወንድሜ ወንዳፍራሽ ይቀመጣል። ይቀመጥ ነበር ልበል? እደርስበታለሁ። ምስጋናው ይቅደም።

፩ኛ፦ በረኛችንን አሳልፈው ስለ ሰጡልን አመሰግናለሁ።

ኤሊያስ ሳርኮላን ነው የምለው። እኛ ሐበሾቹ «ባሕታዊው» እንለዋለን፤ ጋዜጠኛ ሲጠይቀው ከሦስት ቃል በላይ አይወጣውም። ጨዋታ ሊጀመር ሲል የግቡን ቀኝ ቋሚ፣ ግራ ቋሚ፣ ከዚያም አግዳሚውን በዱላው ጫፍ ነክቶ አንገቱን ይደፋል። ወንድሜ ያን ጊዜ «ተሳለመ» ይላል። እኔም «ተሳለመ» እላለሁ። እርስዎ ሰኔ ላይ የዓመቱን ቲኬት እንድናድስ የላኩልን ደብዳቤ ሙሉ ገጹ የዚህ ሰው ፊት ነበር፤ ከሥሩም «አብረን እንቀጥል» ይላል። ፈረምን። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ስልኬ ነዘረ፤ ወደ ቴክሳስ ሄዷል። በምትኩ ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ አዲስ ተጫዋች የመምረጥ መብት አግኝተናል። የሚመረጡት በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ስለሆነ፣ ያ ተጫዋች እንግዲህ ዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ዘጠነኛ ክፍል ይመስለኛል። ሒሳብ እንዲገባው እየጸለይኩለት ነው። እስከዚያ ግቡ ላይ ማን እንደሚቆም አልነገሩንም፤ ምስጢር ጠባቂነትዎን ግን አደንቃለሁ።

፪ኛ፦ ሁለቱን ወጣት ተከላካዮች አሰናብተው የሠላሳ ስምንት ዓመት ጎልማሳ ስላመጡልን አመሰግናለሁ። በመግለጫዎ «ለመልበሻ ክፍሉ ልምድ ይጨምራል» ብለዋል። ይጨምራል። እኔን የሚያስፈራኝ ከመልበሻ ክፍሉ ሲወጣ ነው።

፫ኛ፦ «ሂደቱን እመኑ» ስላሉን አመሰግናለሁ። እኛ ሃምሳ አምስት ቀን የምንጾም ሰዎች ነን፤ መጠበቅ አዲስ ነገር አይሆንብንም። ልዩነቱ የእኛ ጾም የሚፈታበት ቀን አስቀድሞ መታወቁ ነው።

፬ኛ፦ ስለ ወንበሩ።

ይህኛው ይረዝማል። የቤት ገመና ለማያውቁት ኃላፊ መጻፍ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ሰርዤዋለሁ። ነገር ግን ወንበር የነቀለ ሰው ወንበሩ ላይ ምን ተቀምጦ እንደነበር ሊያውቅ ይገባዋል።

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የሟች ቤተሰብ ደጅ ይደርሳል። ሰውየው እንዲቀመጥ ይደረጋል። ሲወድቅ የሚይዘው እጅ በአጠገቡ ይኖራል። ሐዘንተኛው የታመመ እንደሆነ ደግሞ እስኪድን ይደበቃል። ይህ የትም አልተጻፈም፤ ግን ከተጻፈው ሕግ ይልቅ የጠበቀ ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት እናታችን አዲስ አበባ ስታርፍ እኔ እዚህ ሆዴን ተቀድጄ አልጋ ላይ ነበርኩ። ወንድሜ ደበቀኝ። ስደውልለት «ተኝታለች» አለኝ። «ኔትወርክ የለም» አለኝ። «ፀበል ሄዳለች» አለኝ። አርባ ቀን። ድኜ በወጣሁ በሳምንቱ፣ ሌክ ሲቲ ካለ አንድ የሐበሻ ሱቅ ውስጥ ሽንኩርት ይዤ ተሰልፌ ሳለሁ፣ አንዲት በዓይን ብቻ የማውቃት ሴት ትከሻዬን ይዛ «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ የእናትሽን ሰማሁ» አለችኝ። ሽንኩርቱን ከፈልኩ። ደረሰኙንም ተቀበልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜን አላነጋገርኩትም።

ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ተላከ። አልሆነም። በኋላ የወንድሜ ልጅ መሲ በሁለት ቲኬት ሞከረችው። «ኦኬ አክስቴ፣ ማውራት የለባችሁም። ዝም ብላችሁ ዋች አድርጉ። ጫጫታ ነው፣ ብታወሩም አትደማመጡም» አለች። ልጅቷ ሆኪ የምትወድ መስሎኝ እሺ አልኳት። እሷ ግን አልመጣችም። የመጣው እሱ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሰባት ጨዋታዎች ቃል አልተለዋወጥንም። በስምንተኛው ባሕታዊው በአንድ ደቂቃ ውስጥ አራት ምት መለሰ፤ አራተኛውን በጀርባው ተኝቶ ነው። ወንድሜ ለራሱ የሚናገር መስሎ «ይሄ ሰውዬ ያመዋል እንዴ?» አለ። እኔም ለራሴ መስዬ «ሳያመው አይቀርም» አልኩ። በዚያ ተጀመረ። ስለ በረኛው። ስለ ዳኛው። አልፎ አልፎ ስለ ጉልበቱ፣ ኤቨረት የአውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ ቆሞ ስለሚውልበት። ስለ እናታችን አንድም ቀን አላወራንም። የስታዲየም ወንበሮች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ፤ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ሰዎች መተያየት ግዴታ የለባቸውም። ይህን የሠራው መሐንዲስ ምን እንደሠራ ያውቅ ይሆን እላለሁ። ጨዋታው ሲያበቃ ግን እኛም እናበቃለን። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ አንደዋወልም። ለእርስዎ ያ ጊዜ የዝውውር ወቅት ነው። ለእኔ ዝምታ ነው።

ታዲያ በዚያ የሐምሌ ጠዋት መልእክትዎን አንብቤ፣ ጣሪያውን እያየሁ ሳለሁ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ወንድሜ የፋብሪካ ጃኬቱን ለብሶ ቆሟል። በቀኙ ጎረቤታችን አቶ ፍቅረ ሥላሴ፣ የእድራችን ሊቀ መንበር፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ከኋላ መሲ ታዛጋለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ወንድሜ ያን ደጅ አልረገጠም።

«ማኔ፣ ቁጭ በይ» አለኝ።

«ምነው በደኅና?»

«አንቺ መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

ተቀመጥኩ። መሲ በስተቀኜ ቆመች፣ ክንዴን ያዘች። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ባሕታዊው… ሄዷል።»

አቶ ፍቅረ ሥላሴ ወዲያው «እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር፤ አንቺንም ያጽናሽ ልጄ» አሉ። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረው በሹክሹክታ «ስንት ዓመቱ ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«ጋሼ፣ አልሞተም እኮ!» አለች መሲ። «ትሬድ ተደርጎ ነው!»

«ምን ተደርጎ?»

«ወደ ሌላ ቡድን ተዛውሮ ነው» አለ ወንድሜ።

«ታዲያ እኔን በዚህ ጠዋት ከአልጋዬ የቀሰቀስከኝ ለተዛወረ ሰው ነው? ወንዳፍራሽ፣ ጤና የለህም እንዴ?»

«ብቻዬን መጥቼ ልንገራት?» አለ ወንድሜ መሬት መሬት እያየ። «ለብቻ አይነገርም።»

የተከበሩ ሆይ፣ ሰምቻለሁ አላልኩም። ስልኬን ገልብጬ ትራስ ሥር ከተትኩት፤ ገና አሁን እንደሚሰማ ሰው አፌን በእጄ ያዝኩ። ከዚያም አለቀስኩ። ለማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም።

ወንድሜ ገብቶ ተቀመጠ። አቶ ፍቅረ ሥላሴ እያጉረመረሙ ሄዱ፣ መሲም ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እኛ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ያኔ ነው ችግሩ የገባኝ። የምናየው በረዶ የለም። እሱ የጠፋውን ቴሌቪዥን አየ፣ እኔም የጠፋውን ቴሌቪዥን አየሁ። ሊሄድ ሲነሣ «መቼ ነው የሚጀመረው?» አለ። «ጥቅምት» አልኩት። «በይ እንግዲህ፣ እዚያው እናወራለን» አለ። እናያለን አላለም። እናወራለን ነው ያለው።

ከዚያ ነሐሴ ላይ የእርስዎ ኢሜይል መጣ። በረድፋችን ለልዩ እንግዶች የመጠጥ ጠረጴዛ ስለሚገባ ወንበር አሥራ አንድ እንደሚነሣ፤ የወንበሩ ደንበኛም ከበረዶው ማዶ፣ ከእኔ ትይዩ፣ «የተሻለ እይታ» ያለው ቦታ እንደተሰጠው ይገልጻል። እይታው በእርግጥ የተሻለ ነው። ወንድሜን ሙሉ በሙሉ አየዋለሁ፤ የጥፍር ያህል ሆኖ። የወንበሮቹን ካርታ በስልኬ ከፍቼ ደጋግሜ አያለሁ። አሥር አለ። አሥራ ሁለት አለ። መሐሉ ግራጫ ነው።

መሲ ሁለቱንም ቲኬት በእኔ ስም ስላስመዘገበች ኢሜይሉ የመጣው ለእኔ ብቻ ነው። ሦስት ሳምንት ሆነው። ለወንድሜ አልነገርኩትም። አሁን እሑድ እሑድ ይደውላል። «ቲኬቱ መጣ?» ይላል። «ገና ነው» እለዋለሁ። «ሲስተሙ አልሠራም» እለዋለሁ። «ይልካሉ» እለዋለሁ። ባለፈው እሑድ ስልኩን ስዘጋ የገዛ ድምፄ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። አውቀዋለሁ ያንን ድምፅ። የእሱ ነው።

ለካ ደባቂ እንቅልፍ የለውም። አርባውን ቀን እንዴት እንደቻለው አላውቅም።

እርስዎስ አሥራ ሦስቱን ቀን እንዴት ቻሉት? የሰውየውን ፊት ገጽ ሙሉ አትመው፣ መሄዱን እያወቁ ፊርማችንን ሲሰበስቡ እንቅልፍ ይወስድዎ ነበር? ወንድሜ የደበቀኝ ከአልጋ እንድነሣ ነው። እርስዎ የደበቁን እንድንፈርም ነው። እነዚህን ሁለቱን ለይቼ ለማየት ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ያሳዩኝም በአንድ በኩል እርስዎ ነዎት። ለሌላው ሁሉ አመስግኜዎታለሁ። ለዚህ ግን አላመሰግንዎትም። ይህችን ለእርስዎ አልሰጥም።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። በረኛውን ይመልሱልን አልልም። ተከላካይም አልጠየቅሁም። ሁለት የተጎራበቱ ወንበሮች። ጣሪያ ሥር ይሁኑ፣ ምሰሶ ጀርባ ይሁኑ፣ ግቡ ባይታይም ግድ የለም። ጎን ለጎን ይሁኑ ብቻ።

ይህ ደብዳቤ ለሕዝብ የሚወጣው እሑድ ነው፤ ወንድሜም ያነበዋል። እስከ ዓርብ ሁለቱ ወንበሮች ከተገኙ የምነግረው ነገር አይኖርም። ካልተገኙ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አቶ ፍቅረ ሥላሴን ለምኜ ወደ ኤቨረት እሄዳለሁ፤ የወንድሜን በር አንኳኩቼ «ጋሼ፣ ቁጭ በል» እለዋለሁ። ከዚያ በኋላ፣ በረዶም ወንበርም ሳይኖረን፣ ፊቱን እያየሁ ምን እንደምናገር ገና አላወቅሁም። ግን ሌላ ሰው ከሚነግረው እኔ ብነግረው ይሻላል።

ረጅም ዕድሜ፣ ሰላማዊ እንቅልፍና አጭር ስብሰባ እየተመኘሁልዎ፣ ለደጋፊ ያለዎትን አሳቢነት በረድፍ ዘጠኝ ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር በስተግራዬ እየዳሰስኩ እንደማስታውስ በታላቅ ትሕትና አረጋግጣለሁ።

ማንአልሞሽ ሥራዬ
ሌክ ሲቲ፣ ሲያትል

ግልባጭ፦
ለአቶ ኤሊያስ ሳርኮላ፣ ቴክሳስ
ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪው፣ ስሙ ሲታወቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ሰኞ ዕለት በኢሜይል ልኬልዎ ነበር፤ ዛሬ ዓርብ ነው። መልስ አላገኘሁም ብዬ እንዳልዋሽ፣ አግኝቻለሁ። በላክሁ በአራት ሰከንድ ውስጥ «መልእክትዎን በጥንቃቄ አንብበነዋል፤ ስለ ታማኝነትዎ እናመሰግናለን» የሚል ደርሶኛል። በአማርኛ የተጻፈ ይህን ያህል ገጽ በአራት ሰከንድ፣ ያውም በጥንቃቄ፣ የሚያነብ ሰው ቢሮዎ ውስጥ ካለ፣ እባክዎ ነገ ዛሬ ሳይሉ ግብ ላይ ያቁሙት።