የሞቀው ግድግዳ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለይሥሐቅ፣ ድሬዳዋ።

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተወህ ወይስ አሁንም ከመሰላል ስትወርድ ትቃትታለህ? አመተሥላሴ ደህና ናት? ልጆቹስ? የድሬው ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ውርጩ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ገብቶ ጠዋት ጠዋት ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል። እናታችን ጾሙን ይዘዋል፤ አቅም የለዎትም፣ ይተዉት ብንል ማን ሰምቶን። ደህና ነን ያልኩህ ግን ለሰላምታው ነው። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ እህል በአፌ አይጥመኝም።

ዛሬ ቅዳሜ ኅዳር ጽዮንን አክብረን ገና መመለሳችን ነው። ስልኩ ሁለት ቃል ካናገረ በኋላ ይቆረጣል፤ ይኼ ደግሞ እየተቆረጠ የሚነገር ነገር አይደለም። እኔ በተራ በተራ ልጻፍልህ፣ አንተም በተራ በተራ መልስልኝ።

የበግ ጸጉር ፈትሎ ብርድ ልብስ የሚሠራው የባና ማኅበራችን በሰኔ ወር አሥራ ሁለት የመፍተያ ማሽኖች እንዳስገባ ነግሬህ ነበር። እያንዳንዱ ማሽን ፍጥነቱን የምትቆጣጠር ትንሽ ኢንቨርተር አለችው። መስመሩን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ሥራዬ ንብረት ክፍል ቢሆንም ከአንተ የለቀምኩትን የኮረንቲ ሙያ ሁሉም ያውቃል። ኮረንቲ ከሚያመጡት ሦስት ሽቦዎች፣ ከፌዞቹ፣ አራት ማሽን በአንደኛው፣ አራት በሁለተኛው፣ አራት በሦስተኛው አደረግሁ። አምፖሉንም ስምንት ስምንት አካፈልኩ። ሦስቱ ፌዝ እኩል ከተሸከሙ በኒውትራሉ፣ በመመለሻው ሽቦ፣ ምንም አይመለስም ያልከኝ አንተ ነህ፤ እኔም በትምህርት ቤት የተማርኩት ይኼንኑ ነው። ስለዚህ ለፌዞቹ ባለ ስድስት ሽቦ፣ ለኒውትራሉ ቀጠን ያለውን ባለ አራት ሳብኩ። ባለ ስድስቱ አልቆ ነው ብዬ አልዋሽህም፤ ነበረ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነው።

በጥቅምት መጨረሻ ብርዱ ሲጠና ፓኔሉ፣ የብሬከሮቹ ሳጥን፣ ያለበት ግድግዳ ለብ አለ። አንተ ድሬ ሆነህ ይኼን ብትሰማ በዚያው ደቂቃ ዋናውን ብሬከር ታወርደው ነበር። እዚያ ሙቀት ጠላት ነው። እዚህ መንዝ ላይ ግን ሙቀትን ማን ይጠረጥራል? ሴቶቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ብርነሽ የምትባል ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ ፈታይ አለችን፤ ጀርባዋን ለጥፋ ይቺማ ማርያም የሰጠችን ምድጃ ናት አለች። ታጥቦ አልደርቅ ያላቸውን የበግ ጸጉር ከፓኔሉ የሚወጣው የሽቦ ቱቦ ላይ ያሰጡ ጀመር። ልጄ ጽናትም መቀመጫዋን ወደዚያው ሳበች፤ ጣቷ በብርድ እየደነዘዘ ክሩ ይበጠስባት ነበርና። እኔስ ምን አደረግሁ? ከቱቦው በላይ ሦስት ሚስማር መታሁላቸው፣ ማስጫ እንዲሆናቸው። በገዛ እጄ።

ኅዳር ሁለት ቀን ጽናት ጸጉር ስትለይ ከነጩ ጆንያ ውስጥ እፍኝ የምታህል ቡኒ አገኘች። እንደምታውቀው እኛ ቀለም አንነክርም፤ ነጩ ከነጭ በግ፣ ጥቁሩ ከጥቁር በግ ነው፤ ከተደባለቀ ባናው ይዥጎረጎራል። ማን ቀላቀለው ተብሎ ጭቅጭቅ ሆነ። ብርነሽ ወደ እኔ እያመለከተች ጋሽ ተገኘን ጠይቁት እንጂ፣ እሱ በጎቹን በክርስትና ስማቸው ያውቃቸዋል አለች። ደብተሬን ገለጥኩ። ነጭ ስድስት ጆንያ፣ ጥቁር ሦስት፣ ዳለቻ አንድ። ቡኒ የለም። ከሐምሌ ወዲህ ቡኒ የሚባል ጸጉር በዚያ በር አልገባም። ጽናት ጸጉሯን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና አባባ፣ ይኼ እኮ የተቃጠለ ይሸታል አለችኝ።

ከቱቦው ላይ ተነሥታ ጆንያ የገባች ናት። ሮጬ ፓኔሉን ከፈትኩት። ብሬከሮቹ አንዱም አልወረደም። ኒውትራሉ የታሰረበት ቦታ ግን ፕላስቲኩ እንደ ጧፍ ቀልጦ፣ ዙሪያውን የጸጉር ብናኝ ሞልቶታል። ዋናውን አወረድኩ፣ ፓኔሉን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ፍዳ አትጠይቀኝ። ሊቀ መንበራችን አቶ ቴዎፍሎስ ሁለት መቶ አርባ ባና ለገና ለማድረስ ፈርሟል። ብሬከር የተገዛው ለምንድን ነው? አደጋ ካለ እሱ ይወርዳል፤ አልወረደም። አንተ ከብሬከር ትበልጣለህ? ብሎ በሰው ፊት ጮኸብኝ። አሥራ ሁለት ሴት ሥራ ፈታ ተቀመጠች። ብርነሽ የኮረንቲ ንስሐ አባት የሚል ስም አወጣችልኝ፤ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር አባ፣ ዛሬስ ምን ተናዘዘልዎ? ትለኛለች። የጽናት ግን ባሰብኝ። አባባ፣ የምትፈራው እኔ እዚያ ስለምቀመጥ ነው፣ ጓደኞቼን እንጀራ አታሳጣቸው አለችኝ። እውነቷን ነው። እሷ እዚያ ባትቀመጥ ኖሮ በዚያ ፍጥነት አወርደው ነበር? ይህን ለኮከቤ፣ ለገዛ ሚስቴ እንኳን አልነገርኳትም። በዚያ ላይ ሽቦውን ያቀጠንኩት እኔ መሆኔን ገና ለማንም አላወጣሁም ነበር። ኮሚቴው ቁልፉን አምጣ አለኝ። ባለሙያ ሳያየው አልሰጥም አልኩ። ሰባት ቀን ሰጡኝ፤ ባለሙያ ካልመጣ ቁልፉንም ሥራውንም ትለቃለህ ተባልኩ።

በስድስተኛው ቀን ከደብረ ብርሃን ሲና የምትባል ኢንጂነር መጣች። ልጅ ናት፤ የጽናትን ዕድሜ ብትበልጥ በሁለት ዓመት ነው። ጸጉሩን በሙሉ ከግድግዳው አስነሥታ፣ ብናኙን አስጠርጋ፣ ሁሉንም ማሽን ለአምስት ደቂቃ ብቻ አስነሣች። መለኪያዋን በየሽቦው አጠለቀች። አንደኛው ፌዝ ሃያ አምስት አምፔር፣ ሁለተኛው ሃያ አምስት፣ ሦስተኛው ሃያ አራት። ኒውትራሉ ሠላሳ ስምንት! ቴዎፍሎስ መለኪያሽ ተበላሽቷል አላት። መለኪያው ደህና ነው፣ የተበላሸው ኮረንቲው ነው አለችው።

ያስረዳችን እንዲህ ነው፤ ከተሳሳትኩ አርመኝ። ኮረንቲ በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ በልስላሴ ይመላለሳል። ኢንቨርተሮቹና እነዚህ አዳዲስ አምፖሎች ግን እየተጎነጩ አይጠጡትም፣ እየጎረሱ ነው። ጉርሻው በዋናው ምልልስ ላይ ሌላ ፈጣን ምልልስ ይጨምርበታል፤ ሃርሞኒክ ትለዋለች። ቴዎፍሎስ አልገባህ ሲለው እኔ በማኅሌቱ ሽብሸባ መሰልኩለት። ሦስት ረድፍ መዘምራን በየተራ ሲያሸበሽቡ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይነሣል፤ ወለሉ አይከብደውም። እያንዳንዱ ረድፍ በአንድ ዙር ሦስት ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ቢረግጥ ግን የሦስቱም ርግጫ አንድ ላይ ይገጥማል። ያ ርግጫ የሚያርፈው ኒውትራሉ ላይ ነው፤ ኒውትራሉ ደግሞ ብሬከር የለውም። ሲና ሳቀችና ከኔ ይሻላል አለች።

ቀጥላ ግን ለመሆኑ ኒውትራሉን ማነው ያቀጠነው? ብላ ጠየቀች። እኔ ነኝ አልኩ። ሚስማሩንም የመታሁት እኔ ነኝ አልኩ። ጽናት ቀና ብላ አየችኝ፤ ያን አስተያየቷን እስካሁን አልረሳሁትም። ብርነሽ፣ በሉ ንስሐ አባቱ ራሱ ተናዘዘ አለች።

ሲና ያዘዘችውን ልዘርዝርልህ። ኒውትራሉ በባለ አሥራ ስድስት ይቀየር፤ ትናንትና ከትናንት ወዲያ ቀይሬ ጨርሻለሁ። በየኢንቨርተሩ ፊት ቾክ የምትባለው የሽቦ ጥቅል ትግባ፣ ጉርሻውን ታለሰልሰዋለች፤ አሥራ ሁለቱም ገብተዋል። ፓኔሉ ላይ ፊልተር የሚሉት ማጣሪያ ይታከል፤ ይኼኛው ከአዲስ አበባ ገና አልመጣም። ሽቦው ከተቀየረ ወዲህ ለሙከራ ስድስት ማሽን ብቻ ነው የሠራው። ሰኞ እሷ ባለችበት አሥራ ሁለቱም ይነሣሉ። የምጠይቅህ ይኼን ነው። ፊልተሩ ሳይመጣ ማስነሣቱ ደግ ነው? ከስንት ሰዓት በኋላ ልመን? የታሰረበትን ቦታ በየስንት ቀኑ ላጥብቅ? መልስህ ከሰኞ በፊት እንደማይደርስ አውቃለሁ፤ ብጽፈው ግን ይቀለኛል።

ሰኞ ነው አሁን። ደብዳቤውን ሳልዘጋ ያቆየሁት ለዚህ ነው። በሁለት ሰዓት አሥራ ሁለቱም ተነሡ። ፌዞቹ ሃያ ሃያ፣ ኒውትራሉ አሥራ ዘጠኝ። ሲና፣ ሽቦው ወፍራም ስለሆነ ይችለዋል፣ ፊልተሩ ሲመጣ ደግሞ የቀረውን ይቀንሰዋል አለች። እኔ አላመንኩም። በየሩብ ሰዓቱ መዳፌን ግድግዳው ላይ እያሳረፍኩ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፤ እስከ ስድስት ሰዓት አሥራ ስድስት ጊዜ፣ አሥራ ስድስቱም ቀዝቃዛ። ብርነሽ ጀርባዋን ለጠፍ አድርጋ ወዲያው ዘለለችና ወይኔ ምድጃችን ሞተች አለች። ጽናት መጥታ እጇን ከእጄ አጠገብ አሳረፈች። በረዶ ነው፣ አባባ አለችኝ፤ እጇን ግን ቶሎ አላነሣችም። በዕድሜዬ ብርድ እንዲህ አስደስቶኝ አያውቅም።

ቁልፉን ለቴዎፍሎስ ዘረጋሁለት። ዞር ብሎ ኒውትራሉ ብሬከር ከሌለው አንተው ያዘው አለኝ።

በል እንግዲህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለአመተሥላሴ፣ ለልጆቹ ለእያንዳንዳቸው። እናታችን እሳት ካለበት ሥራ ይጠብቅህ ብለው ይመርቁሃል። ኮከቤ ወገብህን ሸብ የምታደርግበት ባና አስይዛልሃለች። ጽናት እጅ ትነሣለች፤ ጣቷ መልሶ እየደነዘዘ ነውና ጓንት ካገኘህ ላክላት። አብራ የተጠቀለለችውን እፍኝ ጸጉር አትጣላት፤ አሽትትና ሽቦ ለሚዘረጉት ተለማማጆችህ ሁሉ አሳያቸው። ቡኒ በግ እንዳይመስላቸው። ነጭ ነበረች።

ወንድምህ ተገኘ
መሐል ሜዳ፣ ኅዳር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.